ባለ ፍየሉ ካሴትና የጌዲ ጣት

ስሙኝማ፣ የጃማ ካሴት ቤት ሰዎች! በሩ ላይ ያላችሁም፣ መደርደሪያው ሥር የተኮለኮላችሁም… ጆሯችሁን ለአፍታ አውሱኝ። አላስረዝምም፤ ሻያችሁ ሳይቀዘቅዝ እጨርሳለሁ። እንደምታውቁኝ የኪነት ቡድናችን መጋረጃ ሳቢ ነኝ፤ መቼ መዝጋት እንዳለበት መጋረጃ ሳቢ ካላወቀ ማን ያውቃል? ደግሞ ወሬዬ ከወልደሥላሴ ጋር ነው። እናንተ እንዲያው ስታልፉ እንደሰማችሁ ሁኑ።

እህሳ ወልዴ! እንዴት ዋልክ? ቤት ሰላም ነው? ይሄ የጅጅጋ ነፋስ ዛሬ ምን ነክቶታል እባክህ? ጠዋት ሸሚዜን አጥቤ አሰጣሁ፣ ከምሳ በኋላ ስወጣ ገመዱ ብቻውን ይወዛወዛል። ስፈልግ ስፈልግ ጎረቤቴ ኬሪያ ግቢ ውስጥ ዶሮዋ ተኝታበት አገኘሁት። «ሙላቱ፣ አሁን ብናስነሳት እንቁላሏን ትተዋለች፣ ትንሽ ታገስ» አለችኝ ኬሪያ። ታገስኩ። ምን ላድርግ? ይኸው ኮቱን እስከ አንገቴ ቆልፌ መጥቻለሁ፤ «ሞቀህ ወይ፣ አውልቅ» እንዳትለኝ።

ጃማ! ለወልዴ ሻይ በለው እንጂ! የግመል ወተቱን በዛ አድርግለት። ጓድ ሊቀመንበር ዛሬ የሚውጠው ብዙ ነው፣ ጉሮሮው ይለስልስ።

ነገ ጉዞ ነው አይደል? ሐረር። አይ የኪነት ኮሚቴ ሊቀመንበርነት! ማን ይሂድ፣ ማን ይቅር… ዘፋኞቹ ተመርጠዋል። ከበሮ መቺው ተመርጧል። እኔም ተመርጫለሁ፣ ሐረር አዳራሽ ውስጥ መጋረጃ ካለ። የቀረው ጊታር የሚመታው ሰው ነው፣ እሱን ዛሬ ማታ ትቆርጣለህ አሉኝ። ጥሩ። እኔ አልገባበትም። በመንግሥት ሥራ መጋረጃ ሳቢ ምን አገባው? እኔ የመጣሁት አንድ ሰው ላመሰግን ነው። ሰው በቁሙ ሲመሰገን ደስ ይላል፣ አይደል?

ስሙን አልጠራም። ስሙ ምን ያደርጋል? ፀሐይን ማን በስሟ ይጠራታል፤ ወጣች፣ ገባች፣ አቃጠለችን ነው የሚባለው። እዚያ ጥግ ጋዜጣ ዘርግተው የተቀመጡትን ጋሼ አይተህ ደግሞ «ስለሳቸው ነው» እንዳትል! ኧረ በፍጹም። እሳቸው ያንብቡ። አንድ ገጽ ላይ ሰንበት ብለዋል፤ ጥልቅ ገጽ መሆን አለበት።

እኔ የምልህ ሰው እሁድ እሁድ እዚህ ካሴት የሚዳኝልን ነው። አንተ ታውቀዋለህ፣ ግን በሩ ላይ እንግዶች ስላሉ ከሥሩ ላንሳው። የጌዲ እናት ባቱሎ አዲጋላ ወርዳ፣ ከባቡር የወረደውን ሸቀጥ ይዛ ስትመጣ መሀሉ ላይ በሽርጥ የጠቀለለችው ካሴት አይጠፋም። ጃማ ያባዛዋል፣ እኛ እንሰማዋለን። የፈረንጅ ሮክ ነው፤ ያ ከባዱ፣ ሄቪ ሜታል የሚሉት። ማን ይሄን አመጣብን ብትለኝ እኔም አላውቅም። ልጆቹ አንዴ ከቀመሱት ሌላ ዘፈን ውሃ ውሃ አላቸው። የባንዶቹን ስም ማንበብ እንኳ አይቻልም፤ እንግሊዝኛ የተማረውም ልጅ አቅቶታል። ፊደሉ ራሱ እሾህ አብቅሏል፣ ጦር ታጥቋል። ስለዚህ በሽፋኑ ሥዕል ነው የምንጠራቸው፦ ባለ ራስ ቅሉ፣ ባለ ሰንሰለቱ፣ ባለ ፍየሉ።

ይሄ ሰው ደግሞ ለዚህ ሙዚቃ የዋለው ውለታ! «የኢምፔሪያሊስት ጩኸት» ተብሎ ሊከለከል ሲል ተነስቶ ምን ነበር ያለው? «ጓዶች፣ ሜታል ማለት ብረት ነው። ሄቪ ማለት ከባድ ነው። ይሄ የከባድ ኢንዱስትሪው ሠራተኛ ድምፅ ነው።» ቤቱ አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ የቀበሌያችን ዘበኛ እንኳ ባለ ራስ ቅሉ ሲዘፈን ቆሞ ነው የሚሰማው። ይሄን ውለታ እኔ አልክድም። ሰው አንድ ቀን ደግ ከሠራ ዕድሜ ልኩን ቢቀመጥበት ምን አለበት? ወንበር እኮ ለመቀመጫ ነው።

ዳኝነቱንስ ምን ልበልህ? ባለ ሰንሰለቱ የገባ ዕለት አንተም ነበርክ። ጊታሩ መጋዝ ነው። ከበሮው ሙሉ ጭነት የጫነ ኦራል የካራማራን ዳገት ሲወጣ ነው። ዘፋኙ ጥርሱን ያመው ነበር መሰለኝ፣ እግዜር ይማረው። እኛ አላዋቂዎቹ ፀጉራችን ቆሞ እንተያያለን። እሱ ዓይኑን ጨፈነ፣ ቆየ፣ ገለጠ። «መካከለኛ ነው» አለ። አቤት! ሁለት ቃል! ሌላው ሰው ይሄን ለማለት እኮ መስማት ነበረበት።

ባለ ራስ ቅሉስ? «የመጀመሪያው ጎን ግሩም ነው፤ ሁለተኛው ጎን ላይ ልጆቹ ደክሟቸዋል፣ ሐሳብ አልቆባቸዋል» አለ። ጃማ ለካ ያን ቀን ተሳስቶ አንዱኑ ጎን ሁለቴ ቀድቶት ኖሯል! ሊናገር አፉን ሲከፍት በክርኔ ጎሸም አደረግኩት። ለምን ይናገራል? እስቲ አንተ ፍረድ፤ ያንኑ ዘፈን ያኔውኑ ደግመው ሲዘፍኑት ሰዎቹ አይደክማቸውም? ልክ ነው እኮ!

አሁን ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ። እሱ ግን ወርቅ የማይወድ፣ ከራሱ ላይ ሁሉን የሚበትን ለጋስ ሰው ነው። ምን ዓይነት ደግነት ነው?

ሳቃችሁን ቀንሱ እናንተ፣ ጋሼ ጋዜጣቸውን እያነበቡ ነው። እንረብሻቸዋለን።

ታዲያ ወልዴ፣ እሁድ ከሰዓት መብራት የለም። ጄኔሬተሩ ሲመሽ ነው የሚነሳው፤ የጃማ ማጫወቻ ደግሞ ያለ መብራት ሣጥን ነው። ስለዚህ የምንሰማው ዳኛችን ከቤቱ ይዞት በሚመጣው ቴፕ ነው፤ በዚያ በትልቁ፣ ባለቤቱ ዳንቴል ሠርታ ባለበሰችው። ማን ይነካዋል? ከፋቹ እሱ፣ ዘጊው እሱ፣ ባትሪ ድንጋዩን የሚያስገባው እሱ። ድንጋይ ደግሞ ይወደዳል። ሲደክምበት ምን ያደርጋል? መስኮቱ ላይ ፀሐይ ያስሞቀዋል። በዚህ አላማውም። ማን የማያሞቅ አለ? በርበሬና ድንጋይ ጎን ለጎን ያልተሰጣበት የጅጅጋ ቆርቆሮ አሳየኝ። ግን ፀሐይ የቀመሰ ድንጋይ እንግዳ ፊት እንደሚዘፍን ሽማግሌ ነው፤ መጀመሪያ ላይ ይነሳሳና ቀስ… ቀስ… ቀስ እያለ… ታውቀዋለህ።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይሉ የለ? ድንጋዩ እያለቀ ከሆነ ግን እንቁላሉም ቁጭ ነው የሚለው።

ባለ ፍየሉ የተሰማው በዚያ በደከመው ድንጋይ ነው። ኦ ወልዴ፣ ያን ዕለት! ጊታሩ ተጎተተ። ከበሮው አንዴ ይመታና ሁለተኛውን እስኪመታ አንድ ጉርሻ ትውጣለህ። የዘፋኙ ድምፅ፣ ግመል ጭነቷን ጠልታ ስትንበረከክ የምታሰማው ነው። እኛ ሁላችን ቀና ብለን ዳንቴሉን አየን። ሁላችን! ሕፃን እንኳ ያውቀዋል፣ ድንጋይ ሲሞት ዘፈኑ እንደሚያዛጋ። እሱ ግን ተነስቶ ቆመ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፣ እግዜር ያሳይህ። «ይሄ ነው!» አለ። «በመጨረሻ ፈረንጆቹ መሮጥ አቆሙ! ክብደት ማለት ይሄ ነው። ትዕግሥት ማለት ይሄ ነው። እያንዳንዷ ምት የግመል እርምጃ ናት፤ ይሄ የበረሃ ሮክ ነው!»

የበረሃ ሮክ… ስም እንኳ አወጣለት። ወላጆቹ ያላወጡለትን።

እኔ ግን የምዋሽ ሰው አይደለሁም፤ እውነቱን ልንገርህ፣ ወድጄው ነበር። ያ የተጎተተው ነገር ደረቴ ውስጥ ነው የገባው። ሙቀት በሚበረታበት ሰዓት፣ ነፋሱ ቆሞ አቧራው ብቻ አየር ላይ ሲንሳፈፍ ምን እንደሚመስል ታውቃለህ? እንደዚያ ነበር። እና ሰውየው ተሳስቶም ይሁን… ምን አልኩ? እ? ተሳስቶ አልኩ እንዴ? ይቅር በለኝ፤ እሱ አይሳሳትም፣ ሙዚቃው ነው የሚሳሳትበት።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያቆምልኝ ኖሮ ዛሬ እኔም ቤቴ ሆኜ ሸሚዜን እጠብቅ ነበር።

ግን አላቆመም። ባለ ፍየሉ እንዳለቀ፣ በዚያው ቴፕ፣ በዚያው ድንጋይ፣ የጌዲ ካሴት ገባ።

ጌዲን ታውቁታላችሁ፣ የባቱሎ ልጅ፣ ያ ዝምተኛው። ጊታሩን እናቱ ናት ከጅቡቲ ያስመጣችለት። ማጉያ ስለሌለው የቀበሌውን ጡሩምባ ተውሶ ነው የሚሰካበት፤ ያ «ስብሰባ ስብሰባ» የሚለውን። ስለዚህ ጌዲ ሲመታ ጊታሩም ሕዝብ የሚጠራ ይመስላል፣ ይሻክራል፣ ይነዳል። ቱሊ ጉሌድ ከተማ፣ ሰርግ ላይ ሲመታ አብሬው ሄጄ ነበር። ሙሽራው ራሱ ከወንበሩ ተነስቶ ራሱን ሲነቀንቅ ኮፍያው ወድቆ ተረገጠ! አማቱ «ልጄን ለእብድ ሰጠኋት» ብለው አለቀሱ፣ ኋላ እሳቸውም ተነሱ። እንግዲህ ይሄ ልጅ ነው፣ እዚሁ ቤት፣ አንድ ምሽት መብራት ሲመጣ ጠብቆ፣ የሠራውን ካሴት ላይ ቀድቶ «ለኪነት ቡድኑ እበቃ እንደሆነ ይሰማልኝ» ብሎ ያመጣው።

ተሰማለት። ድንጋዩ ጭራሽ ሊሞት ምን ቀርቶት ነበር? ጊታሩ ጌጋ… ጌጋ… እያለ እንደ ቆሰለ አህያ ተጎተተ። እኛም እንደገና ዳንቴሉን አየን። «አሁን ደግሞ ምን ሊል ነው? ግመሉን ካመሰገነ የግመሉን ወንድም ያመሰግናል» ብዬ እኔ በሆዴ። እሱ ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ ምን አለ?

«ልጁ ያንቀላፋል። ጣቱ ከባድ ነው። ይሄ እጅ ለጊታር አልተፈጠረም።»

እንግዲህ ከባድ… ፈረንጁ ላይ ሲሆን ክብደት፣ ጌዲ ላይ ሲሆን እንቅልፍ። ምንኛ የረቀቀ ጆሮ ነው! እኛ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሆነብን። ለሰሚው ግራ ነው ይባላል፤ ለማይሰማው ግን ሁሉም ቀኝ ነው።

አንተም ወልዴ ያን ዕለት ፍርዱ ሲሰጥ ራስህን ስትነቀንቅ አይቼህ ነበር… ዝንብ ነበረች፣ አይደል? አዎ፣ ዝንብ ናት። ያን ዕለት ዝንቡ በዝቶ ነበር፤ ሁላችንም ስንነቀንቅ ነው የዋልነው።

ልጁን ግን አይተኸዋል? እኔ አየሁት። አልተናደደም። እጁን አነሳና ጣቶቹን አያቸው። እንዲህ… አገላብጦ። የሌላ ሰው ጣት እንደሆኑ ሁሉ። ከዚያ ካሴቱን ሳይወስድ ወጣ።

ማታ መብራት ሲመጣ ምን ሆነ? ባለ ፍየሉ የተባዛላቸው ልጆች ቤታቸው ሰክተው ቢከፍቱት ፍየሉ ፈረጠጠ! ያ የግመል እርምጃ የተባለው ጅብ እንዳየች ሚዳቋ ሆነ። በነጋታው ሰልፍ ይዘው መጡ፦ «ወርያ ጃማ፣ የተሳሳትከው ነገር አለ፣ ፈጠነብን! እኛ የምንፈልገው የተባለለትን ነው!» በመጨረሻ ምን ተደረገ መሰለህ፣ ልጆቹ ሮብሌ ሱቅ ሄደው «ያለቀ ድንጋይ አለህ?» ይሉ ጀመር። ዋላሂ! ሮብሌ ዕድሜውን ሙሉ ሱቅ ሲነግድ አሮጌ ድንጋይ ከአዲስ ተወዶ አላየም። «ምን ያህል የሞተ ትፈልጋላችሁ?» ብሎ ይጠይቃቸዋል፤ «ሊሞት ሲል ያለውን» ይሉታል! አሁንም ድረስ አንዳንዶቹ በሱ ነው የሚሰሙት። ይኸው፣ አንድ ሰው ባንድ ቃሉ የከተማ ወጣት በሙሉ የሞተ ነገር እንዲያፈላልግ አደረገ። ይሄ ኃይል አይደለም ትላለህ?

ታዲያ ጃማ፣ አፈር ስሆን፣ በትህትና ነው የጠየቀው። «ጋሼ፣ ባለ ፍየሉ በመብራት ሌላ ሆነ እኮ፣ ድንጋዩ ይሆን እንዴ?» አለው። እሱ ሳቀ። «ፋብሪካው ሁለት ዓይነት ያትማል» አለ። «በመብራት የሚሰማው የተራው ሰው ነው። እኔ የሰማሁት የአዋቂው ነው።» በሉ እንግዲህ! ነጭ ወረቀት ላይ ነጭ ቀለም እንደዚህ አሳምሮ የሚጽፍ አለ? ጃማ ግን ሶማሌ ነው፣ ነገር ይዞ አይለቅም፤ «እሺ፣ የጌዲንስ በመብራት አንድ ጊዜ ብንሰማው?» አለ። «ዳኛ ፍርዱን አይደግምም» አለው። ጨመረና፣ «ከቀርፋፋ ጊታር ባዶ ወንበር ይሻላል፤ ቡድኑ ያለ ጊታር ይሂድ» አለ።

እና ነገ ባዶ ወንበር ይዘን ሐረር እንሄዳለን። እኔ ቅር አይለኝም፤ መጋረጃውን ስገልጥ ሕዝቡ ወንበሩን ያያል፣ «ይሄ ምንድን ነው?» ይላል፣ «ይሄ የአንድ ትልቅ ሰው ፍርድ ነው» እለዋለሁ። ወንበሩ ይጨበጨብለታል።

የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ያቃጥለኛል ስልህ እየሳቅኩ መሆኔን አትይ፤ እኔ ስናደድም ፊቴ ይሄው ነው፣ እናቴ ናት እንዲህ አድርጋ የወለደችኝ። የሚያቃጥለኝ፣ ልጁ አመነው። «ዘገየሁ» ብሎ አመነ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ ቤቱን ዘግቶ እየፈጠነ ነው፣ እየፈጠነ። ትናንት ቤታቸው ጎራ ብዬ ነበር፤ የጣቱ ጫፍ ሁሉ ተልጧል፣ በፕላስተር አሽጎታል። «ጋሽ ሙላቱ፣ አሁንስ ያንቀላፋል?» አለኝ። ምን ልበለው? እንደ ዝናብ ነው የሚወርደው! «ኧረ አሁንማ ባቡር ነህ» ስለው አላመነኝም። እኔ መጋረጃ ሳቢ ነኛ! አዋቂው አይደለሁም። ጊታሩን ለጦር ሰፈሩ ባንድ ሊሰጥ ተነጋግሯል፣ ነገ በእናቱ ጭነት መኪና በድሬዳዋ ዞሮ አዲጋላ ሊወርድ ነው፣ ከአጎቱ ጋር ከባቡር ጆንያ ሊያወርድ። ያ ጣት ጆንያ ከለመደ በኋላ ወደ ክር የሚመለስ ይመስልሃል?

ነገ ከከተማው ሁለት መኪና ይወጣል ወልዴ። ልጁ በየትኛው ላይ እንደሚወጣ የምታውቀው አንተ ነህ። እኔ ምንም አላልኩም። እኔ ሰው እያመሰገንኩ ነው።

አይ አይ አይ… እዩት! መብራቱ መጣ! ዛሬ ደግሞ ምን አስቸኮለው? ጄኔሬተሩም ወሬ ሰምቶ ነው። ሆድ ያባውን መብራት ያወጣዋል አሉ።

ጃማ፣ ያንተን ማጫወቻ ስካ እስቲ። የጌዲ ካሴት አለህ አይደል? ጥሎት ነው የሄደው። ኧረ ጓድ ሊቀመንበር እንዲሰማው አይደለም! ዝም ብዬ፣ ሻይ ያለ ዘፈን ጉሮሮዬ ላይ ስለሚቆምብኝ ነው። ዳኛው ፍርዱን አይደግምም፤ ሻይ ጠጪ ግን ዘፈን ቢደግም የሚከለክል አዋጅ ወጥቷል?

ጋሼ፣ ጋዜጣው አይታይዎትም ነበር፣ ይኸው ብርሃን ሆነልዎ።

…

እህ… እህ! ስማ። ስማ ወልዴ። ጡሩምባው ሲሻክር ትሰማለህ? አሁን ይነሳል፣ ቆይ… ይኸው! በለው! አየህ ክሩን እንዴት ይዞ እንደሚለቀው? አሁን ነገሩ ዝግ ይላል፣ ሆን ብሎ ነው፣ ትንፋሽ እየወሰደ ነው… ደግሞ ይመለሳል። ይኸው ተመለሰ! ቱሊ ጉሌድ ላይ ኮፍያውን የጣለው ይሄ ነው። ጃማ ትንሽ ጨምርለት!

ማን ነው የወጣው? ጋሼ ናቸው? ጋሼ! ጋዜጣዎን ረሱ! … ሄዱ። ነፋሱን ፈርተው ይሆናል። ሻያቸውንም አልጨረሱት። ጃማ፣ ምንም አትበላቸው፣ ሰው ይቸኩላል፤ ቤታቸው መስኮት ላይ የተሰጣ ነገር ሳይኖር አይቀርም።

ወልዴ! እግርህ ምን ሆነ? ከጠረጴዛው ሥር ያለው። ኧረ አትሰብስበው፣ ይምታ! ያን ዕለት ራስህን አስነቀነቀችህ፣ አሁን ደግሞ እግርህን… እቺም ዝንብ ናት? ተወው ይምታ፣ ማንም አላየህም፤ ይሄ ሁሉ ሰው ጣሪያ ጣሪያውን ነው የሚያየው።

ተነሳህ እንዴ? ወዴት ነው? ወደ ባቱሎ ቤት? … በል እንግዲህ ቶሎ በል፣ እሷ ዕቃ መጫን የምትጀምረው በዚህ ሰዓት ነው። ለልጁ ምንም አታብራራለት፤ «ነገ ጠዋት ጊታርህን ይዘህ ና» በለው፣ ይበቃዋል። ያንን ጣቱን ደግሞ ቫዝሊን ይቀባ በልልኝ። በሰርጉ ላይ የመታውን ያህል ይምታ እንጂ አይፍጠን፣ መፍጠን አያስፈልገውም።

ቆይ፣ ቆይ! ሳትወጣ። ሰው አመስግኖ ሳይመርቁ መለያየት ነውር ነው። በሉ እናንተም እጃችሁን ዘርጉ፤ ክርስቲያኑም፣ ሙስሊሙም፣ ምርቃት የጋራ ነው። ያ ስሙን ያልጠራሁት ሰው እግዜር ዕድሜ ይስጠው። ጆሮውን ይጠብቅለት። አቧራ አይግባበት፣ ብርድ አይምታው፣ ዘፈን አያስቸግረው። ሲፈጠር እንደነበረ፣ አዲስ እንደሆነ፣ ምንም ሳይጎድልበት፣ ምንም ሳይገባበት ለልጅ ልጁ ያውርሰው። አሜን በሉ! … አሜን።

ባቱሎ ግን እንዲህ መመረቅ አታውቅበትም። ያን እሁድ ልጇ ጣቱን እያየ ሲወጣ እሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ሰውየው ጠጋ ብሎ «እናት ነሽና አትዘኚ፣ ለልጅሽ ብዬ ነው» ቢላት፣ ሽርጧን አጠበቀችና ፊቱን አይታ ነገረችው፦

«ስታወራ ብዙ ቀን አየሁህ። ስትሰማ አንድ ቀን አላየሁህም።»